የአፈር ግድቤ ደህና ነው? በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ ላሉ ባለ ግድቦች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሐረማያ እስከ ኤረር፣ ከደንገጎ ሥር እስከ ቢዮ አዋሌ፣ ጫት ወይም ሽንኩርት የሚያጠጣ ገበሬ የውሃ መሳቢያ ሞተር ከገዛ በኋላ ቀጥሎ የሚመኘው የራሱን ውሃ ማቆር ነው። አንዱ ከወንድሞቹ ጋር በአካፋና በዶማ፣ ሌላው ዶዘር ተከራይቶ በጥቂት ቀን፣ የሸለቆውን አፍ በአፈር ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎች ከቦታ ቦታ ብዙም አይለያዩም፤ እዚህ ያሰፈርኳቸው ደጋግሜ የሰማኋቸውን ነው። ድሬ ላይ "እርስዎ" ብሎ የሚጽፍ እንግዳ ነው ይባላል። "አንተ" እንዳልል ደግሞ ብዙ ናችሁ፤ ስለዚህ በ"እናንተ" እሄዳለሁ።

የኔ እኮ ኩሬ ናት፤ እሷም ግድብ ትባላለች?

መሬት ተቆፍሮ ውሃው ጉድጓዱ ውስጥ ከተኛ ኩሬ ነው። ሲሞላ ይፈሳል እንጂ የሚናድ ነገር የለውም። ውሃው ከታችኛው ማሳ ከፍ ብሎ፣ በአፈር ቁልል ተደግፎ የቆመ ከሆነ ግን፣ ኩሬም በሉት ሀሮ፣ ግድብ ነው።

ትንሽነቷ አያዘናጋችሁ። ዓለም አቀፉ የትላልቅ ግድቦች ኮሚሽን "ትልቅ" የሚለው ከመሠረቱ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚቆመውን፣ ወይም ከ5 እስከ 15 ሜትር ሆኖ ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ በላይ የሚይዘውን ነው። የናንተ እዚያ መዝገብ ውስጥ አትገባም። ነገር ግን ግማሽ ሄክታር ላይ የተኛ፣ በአማካይ 4 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ 20,000 ሜትር ኪዩብ ነው፤ አንዱ ሜትር ኪዩብ ደግሞ አንድ ቶን ይመዝናል። ከጅቡቲ 40 ቶን ጭኖ የሚመጣውን ተሳቢ ታውቁታላችሁ? 500 ተሳቢ ቁልቁል ተለቀቀ ማለት ነው።

ጎረቤት አገር የሆነውን ላስታውሳችሁ። ግንቦት 1 ቀን 2010 ምሽት ላይ፣ በኬንያ ናኩሩ አውራጃ ሶላይ በሚባል ቦታ፣ በአንድ የግል እርሻ ውስጥ የነበረ የአፈር ግድብ ተንዶ ቢያንስ 47 ሰው ገደለ። ከረጅም ድርቅ በኋላ ዝናቡ በርትቶ የመጣበት ዓመት ነበር። ግድቡ የተሠራው እርሻ ለማጠጣት ነው፤ ልክ እንደናንተው። ስለዚህ የግድባችሁን አደገኝነት ስትገምቱ ቁመቱን ከመለካታችሁ በፊት ከሥሩ ማን እንደሚተኛ ቁጠሩ። ጫት ማሳ ብቻ ካለ አንድ ነገር ነው፤ ሦስት ቤትና አንድ መድረሳ ካለ ሌላ ነገር ነው።

ሰማዩ ጥርት ብሎ እያየሁ ለምን ልጨነቅ?

የኛ አገር ጎርፍ የሚዘንበው እናንተ ባላችሁበት ስላልሆነ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። በደንገጎ በኩል ወደ ሐረማያ ስትወጡ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,000 ሜትር በላይ ትደርሳላችሁ። ላይ የወረደው ዝናብ በዚያ ገደል ተንደርድሮ ነው የሚመጣው። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ እናየዋለን፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም. ግን በሌሊት መጥቶ በተኙበት ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ። ያን ሌሊት የሚያስታውስ የድሬ ልጅ ዛሬም ዳመና ደንገጎ ላይ ሲከብድ ቀና ብሎ ያያል።

ክረምቱን ብቻ የሚጠብቅም ይሳሳታል፤ በሚያዝያ 2012 ከተማዋን የመታው ጎርፍ የበልግ ነበር።

እንዲህ ባለ ሸለቆ ላይ የተሠራ ግድብ ሲናድ ያጠራቀመውን ውሃ ከጎርፉ ጋር አዳብሎ ይለቃል። ከሥሩ ሌላ ግድብ ካለ ደግሞ ሁለተኛውን ይዞት ይሄዳል። በሊቢያዋ ደርና ከተማ ጳጉሜን 2015 የሆነው ይኸው ነው። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ በሆነ ሸለቆ ላይ ሁለት የቁልል ግድቦች ተከታትለው ነበር፤ በአንድ ሌሊት ሁለቱም ሄዱ፣ ሺዎች አለቁ። እነዚያ የመንግሥት ነበሩ፤ ሸለቆው ግን የደቻቱ ወንድም ነው።

አባቴ የሠራው ነው። ይኸው 20 ዓመት ቆሟል፤ አሁን ምን ይሆናል?

ይህን የማይለኝ ባለ ግድብ የለም። 20 ዓመት መቆሙ የሚመሰክረው እስካሁን የመጣውን ውሃ መቻሉን ነው። ገና ያልመጣውን አያውቀውም።

አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ኤደንቪል የሚባል የግል የአፈር ግድብ 95 ዓመት ገደማ ቆመ። ማስተንፈሻው፣ ማለትም ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቦይ፣ ለትልቅ ጎርፍ አይበቃም ተብሎ ለዓመታት ሲነገር ቆይቶ፣ ባለቤቶቹ ስላላሰፉት እ.ኤ.አ. በ2018 ኃይል የማመንጨት ፈቃዳቸው ተነጠቀ። ግንቦት 11 ቀን 2012 ውሃው ከዚያ በፊት ደርሶበት ወደማያውቅ ከፍታ ወጣ፤ ግድቡም ተናደ። የሚገርመው ውሃው በአናቱ አልፈሰሰም። ሲሠራ በደንብ ያልተጠቀጠቀ ልል አሸዋ ሆዱ ውስጥ ነበረ፤ ውሃው ከፍ ሲልበት እንደ ፈሳሽ ሆኖ ተንሸራተተ። ዶዘር አፈሩን እየገፋ ቆልሎ በላዩ ሁለቴ ከተመላለሰ በኋላ "ተጠቅጥቋል" የሚባልበት አገር ስለሆንን፣ ይህ ታሪክ ከሩቅ የመጣ አይመስለኝም። አፈር የሚጠቀጠቀው እርጥበቱ ተስተካክሎ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ንብርብር፣ እያንዳንዱ ንብርብር በሮለር እየተረገጠ ነው። የአባታችሁ ግድብ እንዴት እንደተሠራ የሚያውቅ ሽማግሌ በሕይወት ካለ፣ ሂዱና ቡና ጠጡበት፤ አፈሩ ከየት እንደመጣ፣ ሥሩ እስከ ምን ድረስ እንደተቆፈረ፣ ቱቦ የት እንደተቀበረ ጠይቁት። ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ይነግራችኋል።

ሁለተኛው ነገር፣ ግድብ እድሜው ሲገፋ ባለቤቱ ይነካካዋል። እ.ኤ.አ. በ1889 አሜሪካ ጆንስታውን ከተማን ያጠፋውና ከ2,200 በላይ ሰው የገደለው የአፈር ግድብ የሀብታሞች የዓሣና የአደን ክበብ ንብረት ነበር። ከክበቡ በፊት የነበረ ባለቤት የታችኛውን የማፍሰሻ ቱቦ ነቅሎ ለብረት ሸጦታል። ክበቡ ደግሞ ሠረገላ እንዲያልፍበት አናቱን ዝቅ አደረገው፤ ዓሣው እንዳያመልጥ ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት ሠራበት። ወንፊቱ በቅርንጫፍና በቆሻሻ ተደፈነ። ሦስቱም ሲሠሩ ምክንያት ነበራቸው።

እኔም ሐረር ዙሪያ በአንድ ግድብ ላይ ማስተንፈሻው በጆንያ አሸዋ ተደፍኖ አይቻለሁ። ባለቤቱ ግማሽ ሜትር ውሃ ጨምሮ እስከ ጥር ሊያደርስ ነው፤ ጫት በበጋ ዋጋው ሌላ ነው። ገባኝ። ግን ያቺ ግማሽ ሜትር የግድቡ መተንፈሻ ነበረች። ጆንያዎቹን አብረን አወረድናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ እንደተቀየመኝ አውቃለሁ።

ማስተንፈሻው ስንት ሜትር ቢሆን ይበቃል?

ልኩን የሚወስነው ከግድባችሁ በላይ ያለው ተዳፋት ነው። አንድ ስሌት አብረን እንሥራ።

ዝናቡ ወደናንተ የሚወርድበት ተዳፋት 2 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው እንበል። በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,000 ሜትር ኪዩብ ውሃ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 100,000 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። ግማሹን መሬት ቢጠጣው 50,000 ወደናንተ ይመጣል። ይህ በአንድ ሰዓት ቢገባ በሰከንድ 14 ሜትር ኪዩብ ማለት ነው። አሁን ጠፍጣፋ አፍ ያለው፣ 10 ሜትር ስፋት ያለው ማስተንፈሻ አላችሁ። ግማሽ ሜትር ጥልቀት ሲፈስበት የሚያሳልፈው በሰከንድ 6 ሜትር ኪዩብ ያህል ነው፤ አንድ ሜትር ሲፈስበት 17። እንግዲህ በ10 ሜትር ስፋት ለመዳን የማስተንፈሻው ወለል ከግድቡ አናት ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ዝቅ ማለት አለበት፦ አንዱ ሜትር ለሚፈሰው ውሃ፣ ግማሹ ደግሞ ለሞገድና ለስህተት።

ይህም በአማካይ ነው። ጎርፍ ደግሞ በአማካይ አይመጣም፤ መጀመሪያ ላይ ተንጋግቶ ነው የሚደርሰው። የተራቆተ፣ ድንጋያማ ተዳፋት ካላችሁ መሬቱ ግማሹን ይጠጣል ያልኩትንም እርሱት። ትክክለኛውን ልክ መሐንዲስ ይሥራላችሁ፤ ይህ ስሌት የሚጠቅማችሁ ሁለት ሜትር የማትሞላ ቦይ ቆፍሮ "ማስተንፈሻ" የሚላችሁን ሰው ለማስቆም ነው።

ቦታውም አለ። ማስተንፈሻ በተቆለለው አፈር ላይ አይቆረጥም። በጎን፣ ነባሩ መሬት ላይ፣ ቢቻል ድንጋይ ላይ ይቆፈራል፤ መውጫው የግድቡን ግርጌ እንዳያጥብ ራቅ ተደርጎ ወደ ሸለቆው ይመለሳል።

የግድቡ አናት ስለሚሰምጥ ደግሞ በየዓመቱ ለኩት። ብዙውን ጊዜ የሚሰምጠው መሃሉ ነው፤ ቁልሉ እዚያ ከፍተኛ ስለሆነ። ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ግልጽ ፕላስቲክ ጎማ ይበቃል። የሁሉም ነገር መለኪያ የአናቱ ዝቅተኛ ነጥብ ነው፤ ውሃው ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነውና። በአናቱ መሻገር የጀመረ ውሃ የአፈር ግድብን ጀርባ፣ ማለትም ውሃ የሌለበትን ወገን፣ ለመብላት ረጅም ጊዜ አይፈጅበትም።

በጀርባው በኩል ውሃ እየወጣ ነው። ልደንግጥ?

የማያሰርግ የአፈር ግድብ የለም። ሁሉም በመጠኑ ያልባል። የሚያስደነግጠው የውሃው መኖር ሳይሆን ሦስት ነገር ነው፦ ቀለሙ፣ መጠኑና የሚወጣበት ቦታ።

በቀለሙ ጀምሩ። የሃይላንድ ጠርሙስ ሙሉ ቅዱና አስቀምጡት። ጥርት ያለ ከሆነ ውሃው ብቻውን እየመጣ ነው። ደፍርሶ ከቆየ ወይም ከሥሩ አሸዋና ደለል ከዘቀጠ፣ ግድቡ ከሆዱ ተበልቶ እየወጣ ነው። ውሃው ከጀርባ ወደ ፊት ዋሻ እየቆፈረ ይሄዳል፤ ዋሻው የግድቡን ፊት ሲያገኝ ያበቃል። ከአፈር ግድቦች ውድቀት ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት ይህ ውስጥ ለውስጥ መሸርሸርና ከላይ ያወራነው በአናት መፍሰስ ናቸው።

መጠኑን በጀሪካንና በስልክ ሰዓት ለኩት። ፍሳሹን በትንሽ ቦይ ሰብስባችሁ 20 ሊትር በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ፣ የውሃውን ከፍታም አብራችሁ ጻፉ። ግድቡ ሲሞላ መጨመሩ፣ ሲጎድል መቀነሱ ያለ ነው። ውሃው ከፍታው ሳይለወጥ ፍሳሹ ከጨመረ ግን የሆነ ነገር ውስጥ እየተከፈተ ነው። በድንገት ከቆመም አትደሰቱ፤ መንገዱ ተደፍኖ ውሃው ሌላ መውጫ እየፈለገ ሊሆን ይችላል።

ቦታው ደግሞ እንዲህ ነው። ግርጌው ላይ የሚወጣ ይሻላል፤ ጀርባው ወገብ ላይ የሚወጣ ይብሳል። በግድቡና በነባሩ ጋራ መገናኛ፣ እንዲሁም በቱቦው ዙሪያ የሚወጣውን በጣም ተጠራጠሩት። በበጋ ሁሉ ደርቆ አንድ ቦታ ብቻ ሣሩ ከለመለመ እዚያ ጋ ቆማችሁ መሬቱን በእግራችሁ ጫን ጫን አድርጉት።

ግርጌው ጋ አሸዋ እንደ ሽሮ ሲፈላ ካያችሁ አትድፈኑት! መድፈን ግፊቱን ወደ ሌላ ቦታ መግፋት ነው። ውሃው ይውጣ፤ አፈሩ ይቅር። መጀመሪያ ንጹሕ ደቃቅ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ በላዩ ድንጋይ ጫኑበት። ዙሪያውን በጆንያ ከባችሁ ውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲቆም ማድረግም ይረዳል። ከዚያ የግድቡን ውሃ ቀንሱ፣ መሐንዲስ ጥሩ።

ይህ ሁሉ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚሄድ ለመገመት፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1976 አይዳሆ ውስጥ የተናደውን የቲቶን ግድብ አስቡ። 93 ሜትር ቁመት ያለው፣ መንግሥት ያሠራው፣ መሐንዲስ የሞላበት፣ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ እየሞላ ያለ ግድብ ነበር። ጠዋት ደፍራሽ ውሃ ታየ፤ ዶዘሮች ቀዳዳውን ለመድፈን ተላኩ፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ግድቡ ሄደ። ዶዘሮቹም አብረው ገቡ። የተናደው በመጀመሪያው ሙሌት መሆኑንም አትርሱት፤ አዲስ ግድብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ በየቀኑ መታየት አለበት፤ ሲሆን ጠዋትና ማታ።

ስንጥቅ አየሁበት።

በአናቱ ርዝመት የሄደ ቀጭን ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ከድርቀት ነው፤ በተለይ ጥቁር መረሬ ከተቀላቀለበት። ከውሃው ወደ ጀርባው ተሻግሮ የሄደው ግን ለውሃ መንገድ ስለሚሆን ከዝናብ በፊት ተቆፍሮ፣ እርጥብ ጭቃ አፈር በንብርብር እየተጠቀጠቀ መሞላት አለበት። ሲሚንቶ አታፍስሱበት፤ አፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ሲሚንቶው አይንቀሳቀስም፣ በመሃል ክፍተት ይተዋል።

ስንጥቁ ቅስት ሠርቶ አንዱ ወገን ዝቅ ካለና ግርጌው ካበጠ፣ ተዳፋቱ እየተንሸራተተ ነው። ይህ በውሃው በኩል የሚመጣው ብዙ ጊዜ ውሃው በፍጥነት ሲወርድ ነው። ጫት በሚወደድበት ሰሞን አራት አምስት ሞተር ባንዴ ይገጠማል፤ ውሃው ይጎድላል፣ የጠጣው አፈር ግን ውሃውን እንደያዘ ይቀራል፣ ክብደቱ ይጎትተዋል። በአዘቦቱ በቀን ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ አታውርዱ።

ዛፍ ብተክልበት አፈሩን አይዝልኝም?

ሣር ይዝላችኋል። ዛፍ አይዝም። ሥሩ ለውሃ መንገድ ያበጃል፤ ዛፉ ሲሞት ሥሩ በስብሶ ባዶ ቱቦ ይሆናል፤ ነፋስ ከገነደሰው ደግሞ ግማሽ ግድብ ነቅሎ ይነሳል። ባሕር ዛፍም ፕሮሶፒስም አይሆኑም። ትንሽ ሳሉ ንቀሏቸው። አድገው ከሆነ ግን ዝም ብላችሁ አትቁረጡ፤ ጉቶውና ሥሩ ወጥቶ ጉድጓዱ በተጠቀጠቀ አፈር መሞላት ስላለበት ባለሙያ ይየው።

ጃርትና አዋልዲጌሳም ጠላት ናቸው። ምስጥ ደግሞ የባሰ ነው፤ ኩይሳው ከውጭ ትንሽ ሆኖ ውስጡ ሩቅ ይሄዳል። ከብት በአናቱ እየተመላለሰ የሚሠራው ጉድባም ቀስ በቀስ ዝቅተኛ ነጥብ ይሆናል። አጥሩ፤ ለመጠጫ በጎን ገንዳ ሥሩላቸው።

ቱቦ በግድቡ ውስጥ ባሳልፍ ችግር አለው?

ቱቦው ራሱ ችግር የለውም፤ ዳሩ ነው። ክብ ቱቦ ሥር አፈር በደንብ አይጠቀጠቅም፣ ውሃም ያንን ያውቃል። ግድቡ ከተሠራ በኋላ ቆፍሮ ቱቦ መቅበር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ቀድሞ የተቀበረ ካላችሁ፣ በመውጫው በኩል ዙሪያውን በንጹሕ አሸዋና ጠጠር ማጣሪያ አልብሱት። ቫልቩ በውሃው በኩል ቢሆን ይመረጣል፤ በጀርባ በኩል ከሆነ ቱቦው ሁልጊዜ በግፊት ሞልቶ ይኖራል፣ አንዲት ቀዳዳ ካገኘ ግድቡን ከውስጥ ያጠጣዋል። ቱቦ ከሌላችሁ በሞተር ወይም ውሃውን በአናት አሻግሮ በሚስብ ጎማ መጠቀም ይበቃል።

አፈሬ ለግድብ የሚሆን መሆኑን ራሴ ማወቅ እችላለሁ?

በከፊል። ከነዳጅ ማደያ የባትሪ ውሃ ግዙ፤ የቧንቧ ውሃ ጨው ስላለው ያሳስታችኋል። አንድ ሳንቲ ሜትር የምታህል የአፈር ጓል በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ጣሉና ሳትነኩ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ፈርሳ ክምር ብትሆን ምንም አይደለም። በዙሪያዋ እንደ ጭስ ደመና ከተነሳና ውሃው ከደፈረሰ ግን አፈሩ በውሃ የሚበተን ዓይነት ነው፤ በደረቅ አገር ሶዲየም የበዛበት አፈር እንዲህ ያደርጋል። እንዲህ ባለ አፈር የተሠራ ግድብ በትንሽ ስንጥቅ ይቦረቦራል። በኖራ ወይም በጂፕሰም ሊታከም ይችላል፤ ልኩን ግን ላቦራቶሪ ነው የሚናገረው።

ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) ባነጥፍበትስ?

ለስርገት ጥሩ ነው፤ በተለይ ለተቆፈረ ኩሬ። ጠባብ ማስተንፈሻን ግን አያሰፋም። ፕላስቲኩ ሲቀደድም ከሥሩ የሚሄደው ውሃ አይታያችሁም።

ደለሉን በኤክስካቫተር ላውጣው?

አውጡ፤ ከግድቡ ግርጌ ግን ራቁ። የውሃው ወገን ግርጌ ላይ የተኛው ደለል ብዙ ጊዜ ስርገቱን የዘጋው እሱ ነው፤ እሱን ስትጠርጉ መሠረቱን ታራቁታላችሁ። የምታወጡትንም አናቱ ላይ አትቆልሉ። ለማሳችሁ ግን ከማዳበሪያ አይተናነስም።

የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲደርቅ ያየ ሰው ደለል ምን እንደሆነ ማስተማር አያስፈልገውም። ከበላይ ያለው ተዳፋት ካልታከመ ኤክስካቫተር በየሁለት ዓመቱ ትከራያላችሁ።

መሬት መንቀጥቀጥስ?

ስምጥ ሸለቆ ዳር ነው ያለነው። በ2017 ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ንዝረት ከተሰማችሁ በማግስቱ ግድቡን ዙሩ፦ አዲስ ስንጥቅ፣ የሰመጠ አናት፣ የጨመረ ወይም የደፈረሰ ፍሳሽ። ያልተጠቀጠቀና ውሃ የጠጣ አሸዋማ ቁልል ከሆነ ግን መንቀጥቀጡን ሳትጠብቁ አማክሩ።

በዓመት ስንት ጊዜ ልየው?

በየካቲት ከበልግ በፊት፣ በሰኔ ከክረምት በፊት፣ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላም። አብዛኛው ሰው አናቱ ላይ ቆሞ ውሃውን ያያል፤ ውሃ ማየት ደስ ይላል። ግድቡ የሚናገረው ግን በጀርባው ስለሆነ ከግርጌው ጀምሩ። ከዚያ ማስተንፈሻውን ከአፍ እስከ መውጫ በእግራችሁ ሂዱበት። በየጊዜው ከአንድ ቦታ ቆማችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ዓይን የለመደውን ለውጥ ፎቶ ያሳብቃል።

ቢናድ ተጠያቂው ማነው? መሬቱ እኮ የመንግሥት ነው።

መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ውሃውም በውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የጋራ ሀብት ነው። የናንተ የሆነው የቆለላችሁት አፈር ነው፤ ጣጣውም ከእሱ ጋር ይመጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2069 የመሬትን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው፣ አጥፍቷል ባይባልም እንኳ፣ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። "ዝናቡ በዛ" የሚለው መልስ ብዙ ርቀት አያስኬድም።

አዋጁ የውሃ ግንባታ ለመሥራት ፈቃድ ይጠይቃል፤ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድና ባህላዊ መስኖን የመሳሰሉትን ግን ነጻ ያደርጋል። ዶዘር የገባበት ግድብ "ባህላዊ" ነው ብሎ ከመከራከር ሄዶ መጠየቅ ይቀላል። ድሬዳዋ፣ ሐረሪና ምሥራቅ ሐረርጌ ሦስት የተለያዩ አስተዳደሮች ስለሆኑ፣ ግድባችሁ በየትኛው ክልል እንዳለ ብቻ ሳይሆን ሸለቆው ወደ የትኛው እንደሚወርድም እወቁ። ውሃው ድንበር ከተሻገረ በኋላ የሚከሳችሁ ጎረቤታችሁ ላይሆን ይችላል።

ሌሊት ላይ ግድቡ ሊሄድ ነው። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ደውሉ፣ ከዚያ አካፋ አንሱ። ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ያደርጋል፤ ያፍራል፣ ራሴ አስተካክለዋለሁ ይላል፣ ሰዓቱ ይሄዳል። ኤደንቪል ሲናድ ወደ 10,000 ሰው ቀድሞ ወጥቶ ስለነበር አንድም አልሞተም።

ከሥር ያሉ ሰዎች የሸለቆውን አሸዋ ተከትለው ቁልቁል እንዳይሮጡ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታ ይውጡ። ስልክ ካልተነሳ የመስጊድ ድምፅ ማጉያ አለ፤ ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ ዛሬ ጠይቁ። ለቀበሌና ለፖሊስም ንገሩ።

ውሃውን ለመቀነስ ቫልቩን ክፈቱ፣ የጎረቤቶችን ሞተሮች ሰብስቡ። ባለ 3 ኢንች ሞተር በሰዓት 40 ሜትር ኪዩብ ያህል ቢስብ፣ አሥሩ 400 ይስባሉ፤ ግማሽ ሄክታር ስፋት ላይ በሰዓት 8 ሳንቲ ሜትር ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ውሃው አናቱን ሊነካ 10 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ግን ትንሽ አይደለም። የምትስቡትን በግድቡ ጀርባ ላይ አታፍስሱ፤ ወደ ማስተንፈሻው መውጫ ውሰዱት። ዝቅተኛው የአናት ነጥብ ላይ ጆንያ አሸዋ ደርድሩ። ማስተንፈሻውን ማስፋት ካስፈለገ በነባሩ መሬት በኩል ቆፍሩ እንጂ የተቆለለውን አፈር አትቅደዱ፤ የተቀደደ ግድብ በፈለጋችሁት ልክ አይቆምም። ጀርባው ላይ ደፍራሽ ውሃ እየበረታ ከሄደ ሁሉንም ትታችሁ ውጡ፤ ሞተሩም ይቅር።

ከሥር ያሉትን ቤቶች ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፦ አንዱን ቤት፣ አንዱን ዘበኛው ጋ። ስልክ ውስጥ ብቻ ያለ ቁጥር ባትሪ ሲያልቅ የለም። ዘበኛው ሲቀየር አዲሱን ይዛችሁት በግርጌው አዙሩት፤ ጠርሙሱንም አሳዩት።